በስምምነት መፋታት፦ ባንኩና አይ.አር.ኤስ. ያልፈረሙበት ውል

ይህ አምድ የንግድና የኢሚግሬሽን ጉዳይ እንጂ የትዳር ምክር የሚሰጥበት አይደለም። ይሁንና የታክሲ ወይም የሱቅ ባለቤት የሆነ ሰው ትዳሩ ሲፈርስ ሥራውም አብሮ ስለሚከፈል፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ መምጣቱ አይቀርም። የሚመጡትም ሰዎች አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነው፤ «እኛ ተስማምተናል፣ ጠብ የለንም፣ ወረቀቱን መጨረስ ብቻ ነው የቀረን።» መስማማታቸው ትልቅ ነገር ነው። በሙግት ቢሆን ኖሮ ለሁለት ጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ የስንት ዓመት የሌሊት ሥራ ዋጋ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ችግሩ ስምምነቱን የፈረሙት ሁለቱ ብቻ መሆናቸው ነው። የመኪናውን ብድር የሰጠው ባንክ አልፈረመም፤ ሱቁን ያከራየው ባለሕንጻ አልፈረመም፤ አይ.አር.ኤስ.ና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትም አልፈረሙም። የዛሬው ጽሑፍ በዚህ ላይ ያተኩራል።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። በአሜሪካ ፍቺ የሚዳኘው በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለሆነ፣ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ሕጉ ይለወጥብናል። በዲ.ሲ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ተለያይቶ የመቆየት ግዴታ ቀርቷል። ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ ለስድስት ወር የከተማዋ ነዋሪ ከሆነና በትዳሩ ለመቀጠል እንደማይፈልግ ካስታወቀ ይበቃል። በሜሪላንድ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሦስት ምክንያቶች ብቻ ቀርተዋል፤ እነርሱም የሁለቱ ስምምነት፣ ለስድስት ወር ተለያይቶ መኖርና የማይታረቅ አለመግባባት ናቸው። ተለያይቶ መኖር ሲባል በአንድ ጣራ ሥር ሆኖ ኑሮን መለየትም ይቆጠራል፤ የቤት ኪራይ በናረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በስምምነት የሚለውን መንገድ የመረጡ የሚጠብቁት ጊዜ የለም፤ ግን ንብረቱን፣ መተዳደሪያውንና የልጆቹን ጉዳይ በሙሉ የሚዘጋ፣ ሁለቱ የፈረሙበት ጽሑፍ ማቅረብ አለባቸው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉና ቀለብ ከተወሰነ የቀለቡ ስሌት አብሮ ይያያዛል። ቨርጂኒያ ጠበቅ ያለች ናት፤ አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖርን ትጠይቃለች። ትንንሽ ልጆች ከሌሉና በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ካለ ግን ወደ ስድስት ወር ይወርዳል።

ጋብቻው የተፈጸመው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ስለሆነ ፍቺውም እዚያው መሆን አለበት ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ይህ ስሕተት ነው። የፍርድ ቤቱን ሥልጣን የሚወስነው የምትኖሩበት ቦታ እንጂ የተጋባችሁበት ቦታ አይደለም። የጋብቻ ወረቀቱን ከትርጉሙ ጋር ይዞ መቅረብ ይበቃል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው የሽማግሌ ፍቺ ነው። ሽማግሌዎችም ሆኑ የንስሐ አባት በሁለቱ መካከል ገብተው ንብረት ቢያካፍሉ፣ «ልጆቹ ቅዳሜና እሑድ ከአባታቸው ጋር ይሁኑ» ብለው ቢወስኑ፣ እኔ በበኩሌ ከማንኛውም ጠበቃ የተሻለ ሥራ ሠርተዋል እላለሁ። የጻፉት ወረቀት ለፍርድ ቤቱ ስምምነት መነሻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ወረቀት ፍቺ አይደለም፤ በመስጊድ የተሰጠ የፍቺ ወረቀትም እንዲሁ። በአገር ቤት እንኳ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤተ ዘመድ ዳኞች የማፋታት ሥልጣን ሰጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አዛውሮታል። እንበል አንድ ሰው ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር በሽማግሌ ተለያይቶ ከስምንት ዓመት በኋላ አገር ቤት ሄዶ በደማቅ ሠርግ ያገባል። ለአዲሷ ባለቤቱ ፎርም አይ-130 ሲያስገባ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ጋብቻ መፍረስ የሚያሳይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቀዋል። ውሳኔው ከሌለ ሁለተኛው ጋብቻ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ዛሬ ሄዶ ቢፋታም ትናንት የተደረገውን ሠርግ አያድነውም፤ እንደገና መጋባትና እንደገና ማመልከት ሊኖርበት ነው። ያቺ ሴት ሻንጣዋን ሸክፋ የምትጠብቀው ጊዜ በዓመታት ይራዘማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ባልና ሚስት «ታክሲው ለእሱ፣ ሱቁ ለእሷ፣ የየራሳችንን ዕዳ የየራሳችን እንከፍላለን» ብለው ሲጽፉ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ዳኛው ያጸድቀዋል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ባይከፍል ሌላው ወደ ፍርድ ቤቱ ተመልሶ ሊከሰው ይችላል። ባንኩ ግን የሚያውቀው በብድሩ ውል ላይ ያለውን ፊርማ ብቻ ነው። በመኪናው ብድር ላይ ሚስት አብራ ፈርማ ከሆነ፣ ባል ሦስት ወር ሳይከፍል ቢቀር መጥሪያው ለሷም ይመጣል፣ ክሬዲቷም ይበላሻል። በቤቱም ጉዳይ ይኸው ነው። ስምን ከቤቱ ባለቤትነት ወረቀት ላይ ማስወጣትና ከሞርጌጅ ዕዳ መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፈርሞ ከዕዳውም የወጣ ይመስለዋል፤ ቤት የሌለው ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በ1982 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቤቱ በፍቺ ምክንያት ለአንደኛው ስለተላለፈ ብቻ ባንኩ ብድሩን በአንድ ጊዜ ክፈሉ እንዳይል ይከለክላል። ከውሉ የወጣውን ሰው ግን ከዕዳው አያወጣም፤ የሚያወጣው ቤቱን የወሰደው ሰው በራሱ ስም ሪፋይናንስ ሲያደርግ፣ ወይም ባንኩ ራሱ በጽሑፍ ሲለቅ፣ ወይም ቤቱ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ በስምምነቱ ላይ «ይህን ያህል ወር ውስጥ ሪፋይናንስ ካልተደረገ ቤቱ ይሸጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባ። የሱቅ ኪራይ ውልም ላይ የግል ዋስትና የፈረመ ሰው ባለሕንጻው እስኪለቀው ድረስ ዋስ ነው። የሠራተኛ ግብርና ሴልስ ታክስ ያልከፈለ ሱቅ ከሆነ ደግሞ ቼክ ይፈርም የነበረው ሰው ከሥራው ቢወጣም በቆየበት ጊዜ ለተጠራቀመው በግሉ ሊጠየቅ ይችላል።

አይ.አር.ኤስ. ከሁሉም የከፋ አበዳሪ ነው። በጋራ በሞላችሁት የግብር ወረቀት ላይ የተፈረመው ፊርማ እያንዳንዳችሁን ለጠቅላላው ዕዳ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ለግማሹ አይደለም፣ ለሙሉው ነው። ባል በታክሲው ያላስመዘገበው ገቢ ከሁለት ዓመት በኋላ በምርመራ ቢገኝ፣ ሚስት ነርስ ሆና በደመወዝ የምትኖር ብትሆንም ደብዳቤው ለሷም ይጻፋል። «በፍቺ ውሳኔያችን ግብሩ የሱ ነው ተብሏል» ብትል መሥሪያ ቤቱ አይሰማትም። በፎርም 8857 ምሕረት መጠየቅ ይቻላል፤ ነገሩን አለማወቋንና እንድታውቅም የሚያደርግ ምክንያት አለመኖሩን ማስረዳት ግን የሷ ሸክም ነው። ስምምነቱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ቢኖር፣ ካለፉት ዓመታት የግብር ዕዳ ቢመጣ የማን ሥራ እንዳመጣው ለይቶ፣ ያ ሰው ሌላውን እንዲክስ ማስገደድ ነው። ይህ አንቀጽ በየመደብሩ በሚሸጡ የተዘጋጁ ቅጾች ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ አስገቡት።

ንብረት ሲከፋፈል ስለሚመጣው ግብርም አንድ ምሳሌ እንመልከት። ባልና ሚስት በፍቺ ምክንያት ንብረት ሲተላለፉ በዝውውሩ ላይ ግብር አይከፈልም። ግን የተቀባዩ መነሻ ዋጋ የቀድሞው ዋጋ ነው፤ ግብሩ አልጠፋም፣ ተደብቆ አብሮ ተላልፏል። እንበል ታክሲው በ34,000 ዶላር ተገዝቶ ባለፉት ዓመታት 28,000 ዶላር የእርጅና ቅናሽ ተወስዶበታል፤ በመዝገብ የቀረው 6,000 ነው። ገበያ ላይ 15,000 ያወጣል። «አንተ ታክሲውን ውሰድ፣ እኔ ባንክ ያለውን 15,000 ልውሰድ» ቢባባሉ እኩል የተካፈሉ ይመስላል። ታክሲውን የወሰደው ሰው ሲሸጠው ግን በ9,000 ዶላር ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል፤ ጥሬ ገንዘብ የወሰደችው ምንም አትከፍልም። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አምስት መኪና ላለው ሰው፣ ወይም ማቀዝቀዣና ምጣዱ ሁሉ ለቀነሰለት ምግብ ቤት ግን ትንሽ አይደለም። የመንጃ ፈቃድና የታክሲ ሠራተኛነት መታወቂያ የግል ስለሆኑ አይከፈሉም፤ የሚከፈለው መኪናው፣ መሣሪያውና ድርጅቱ ነው። የጡረታ ገንዘብ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። 401(ኬ) የሚባለው የሚከፈለው ፍርድ ቤቱ በሚያወጣው ልዩ ትእዛዝ ነው። አይ.አር.ኤ. የሆነ እንደሆነ ከተቋም ወደ ተቋም ይተላለፍ፤ አንዱ አውጥቶ ቼክ ጽፎ ከሰጠ ግብሩ፣ ዕድሜው 59 ዓመት ተኩል ካልሞላም 10 በመቶው ቅጣት፣ በአውጪው ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የሚያስፈልግ ነገር አለ። ሱቁ ምን ያህል ያወጣል ሲባል የሚታየው የግብር ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ በዓመት 22,000 ዶላር ትርፍ ይላል፤ ሚስት ግን ማታ ማታ ገንዘቡን ስትቆጥር የኖረች ናት፣ ልኩን ታውቃለች። በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች «እውነተኛው ገቢ ይህን ያህል ነው» ብለው በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ በመሐላ ይጽፋሉ፤ ያ ወረቀት ራሳቸው በፊርማቸው ያቀረቡት ማስረጃ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቀለብ ለመቀነስ ሲል ዝቅተኛውን ቁጥር ይዞ ይሟገታል፤ የልጆቹን ቀለብ ከገዛ ልጆቹ ቀነሰ ማለት ነው። የተጓደለ የግብር ወረቀት ካለ ቅድሚያ እሱን ማረም፣ ከዚያ መፈረም ነው ትክክለኛው ቅደም ተከተል። ስታርሙ ደግሞ ከግብር ጠበቃ ጋር ተመካከሩ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ያየውን በፍርድ ቤት ቢጠየቅ መደበቅ አይችልም።

ሌላው ከጠረጴዛዬ ላይ ዘወትር የማየውና የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በብዙ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ሚስት ከጠዋት እስከ ማታ ካሽ ሬጂስተሩ ላይ ትቆማለች፣ ዕቃ ታወርዳለች፣ ከአከፋፋይ ጋር ትከራከራለች፤ ደመወዝ ግን የላትም፣ ትርፉም በሙሉ በባል ስም ይሞላል። ግብር ለመቀነስ ነው ይባላል። ውጤቱ ከ15 ዓመት ሥራ በኋላ በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቧ ላይ አንድም ነጥብ አለመኖሩ ነው። ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ፣ ማለትም የአሥር ዓመት ያህል ሥራ ያስፈልጋል። እንዲህ ላለች ሴት የቀረላት መንገድ በቀድሞ ባሏ መዝገብ መጠቀም ነው፤ ለዚህም ጋብቻው ቢያንስ አሥር ዓመት የቆየ መሆን አለበት፣ ዕድሜዋ 62 ሊሞላና ሌላ ባል ያላገባች ልትሆን ይገባል። የባል ጡረታ በዚህ ምክንያት አንድ ሳንቲም አይቀንስም። እንግዲህ ተስማምተው የሚፋቱ ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ላይ ከሆኑ፣ ፊርማውን ለጥቂት ወራት ማዘግየት ለአንዱ የዕድሜ ልክ ገቢ ነው፤ ለሌላው ምንም ወጪ የለውም። በመልካም መለያየት ሲባል እኔ የማውቀው እንዲህ ያለውን ነው።

ጊዜ ካነሣን፣ የግብር መሥሪያ ቤት የሚያየው ዲሴምበር 31 ቀን ነው። በዚያች ቀን የተፋታችሁ ከሆነ ዓመቱን በሙሉ እንዳልተጋባችሁ ትቆጠራላችሁ። በዲ.ሲ. ውሳኔው የሚጸናው የይግባኙ ጊዜ ሲያልፍ፣ ወይም ሁለቱም ይግባኝ እንደማይሉ በጋራ ፈርመው ሲያስገቡ ስለሆነ በዲሴምበር የተወሰነ ፍቺ ወደ ጃንዋሪ ሊሻገር ይችላል። ከ2018 በኋላ በተደረገ ስምምነት ለቀድሞ ባለቤት የሚከፈል አሊሞኒ ለከፋዩ አይቀነስም፣ ለተቀባዩም ገቢ አይሆንም፤ በድሮው ሕግ የተፋቱ ወዳጆቻችሁ የሚነግሯችሁ ለእናንተ አይሠራም። የልጆች ቀለብ ድሮም ተቀንሶ አያውቅም። ልጁን በግብር ወረቀት የሚያስገባው አብዛኛውን ሌሊት ልጁ የሚያድርበት ወላጅ ነው፤ በፎርም 8332 ለሌላው መልቀቅ ቢቻልም፣ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድና ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው ክሬዲት አብረው አይለቀቁም። ሁለቱም ወላጆች አንዱን ልጅ አስገብተው ሁለቱም ደብዳቤ ሲደርሳቸው በየዓመቱ አያለሁ።

ወደ ኢሚግሬሽኑ እንመለስ። በጋብቻ የተገኘና ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገደቡን ለማስነሣት ፎርም አይ-751 የሚያስገባው ከትዳር ጓደኛው ጋር ነው። ከተፋታ ግን ብቻውን ማስገባት ይችላል፤ ጋብቻው በቅን ልቦና የተፈጸመ እንደነበር በማስረጃ ማሳየት አለበት። የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የኪራይ ውል፣ የጋራ የግብር ወረቀት፣ ፎቶግራፍ ሁሉ ማስረጃ ነው። ስትለያዩ በንዴት አትጣሉት፤ ኮፒውን ሁለታችሁም ያዙ። ለዜግነት በሦስት ዓመት ያመለከተ ሰው መሐላውን ሳይፈጽም ከተፋታ የሦስት ዓመቱ መብት ይቀርበታል፤ አምስት ዓመቱን መጠበቅ አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለአገር ቤት ባለቤቱ ያስገባው ማመልከቻም ከፍቺው ጋር ያበቃል። ባለሱቆች ከሁሉም የሚረሱት ፎርም አይ-864 ነው። ባለቤታችሁን ስታመጡ የፈረማችሁት የድጋፍ ዋስትና በፍቺ አይቋረጥም፤ የሚያበቃው ያ ሰው ዜጋ ሲሆን፣ 40 የሥራ ነጥብ ሲቆጠርለት፣ ነዋሪነቱን ትቶ ከአገር ሲወጣ ወይም ሲሞት ነው።

«በወረቀት ብቻ እንፋታ» የሚለውንም አንዳንዶች ይጠይቁኛል፤ ለግብር፣ ለመንግሥት እርዳታ፣ ወይም የዘመድ ሚስት ለማምጣት። መልሴ አጭር ነው። ለግብር ሲባል በዓመቱ መጨረሻ ተፋትቶ መልሶ የተጋባን አይ.አር.ኤስ. እንደ ባልና ሚስት ይቆጥረዋል። ለግሪን ካርድ ሲባል በሐሰት ተጋብቶ የተገኘ ሰው ደግሞ ወደፊት በእውነተኛ ጋብቻም ሆነ በወንድም ሊመጣለት የሚችለው ማመልከቻ በሕግ ይዘጋበታል።

በስተመጨረሻ አገር ቤት ያለው ንብረት ይቀራል። ከዚህ በተላከ ገንዘብ የተሠራው ቤት በእናቱ ወይም በወንድሟ ስም ከሆነ የትኛውም ዳኛ በቀላሉ አይደርስበትም። በአንዳችሁ ስም ከሆነ ግን በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። የአሜሪካ ዳኛ እናንተን ማዘዝ ይችላል፣ የአዲስ አበባን ካርታ ግን በራሱ አይቀይርም። የውጭ ፍርድ በኢትዮጵያ እንዲፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ አጭሩ መንገድ ስም የሚያዛውረው ሰው ፍቺው ሳይጸድቅ በፊት ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ውክልና በኤምባሲው በኩል አረጋግጦ መስጠቱ ነው። ንብረት ስትዘረዝሩ በውጭ አገር ባንኮች ያላችሁ ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ በአንድም ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ደርሶ ከሆነ፣ ኤፍ.ባር የሚባለው መግለጫ በየዓመቱ መሞላቱን አረጋግጡ። ስምምነቱ ላይ የተጻፈ ነገር አደባባይ የወጣ ነገር ነው።

አንድ ጠበቃ የሁለት ተፋቺዎች ጠበቃ ሊሆን አይችልም። አንዱ ጠበቃ ይዞ ጽሑፉን ካዘጋጀ፣ ሌላው ሳይፈርም በፊት ለአንድ ሰዓት እንኳ ከፍሎ በራሱ ጠበቃ ያሳየው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የከበዳችሁ እንደሆነ ለፍርድ ቤቱ ቀድማችሁ ብታሳውቁ አስተርጓሚ ይሰጣችኋል። ውሳኔው ሲወጣ ማኅተም ያለበት ሦስት ኮፒ ጠይቁ፤ አንዱ ለኢሚግሬሽን፣ አንዱ ስም ለሚቀይር ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ አንዱ ለፋይላችሁ። የዜግነት ማመልከቻው ከዚህ በፊት የነበረውን ጋብቻ በሙሉ ስለሚጠይቅ፣ ይህ ወረቀት ከ20 ዓመት በኋላም ይፈለጋል።